ላባ ያበቀሉት የአዲስ ዳር ዳክዬዎች

በአዲስ ዳር የሚዛን ቀን ማክሰኞ ነው። ጠዋት ዳክዬዎች ይመዘናሉ። ከሰዓት በኋላ ሚዛኑ ታጥቦ ልጆች ይመዘናሉ።

መንደሩ የተቆረቆረው ድሮ የዝዋይ ሐይቅ በነበረ መሬት ላይ ነው። ሐይቁ እየሸሸ ሲሄድ ጥሎት የሄደው ግራጫ ጭቃ ደረቀና ረጃጅም የቆርቆሮ ቤቶች ተደረደሩበት። በየቤቱ ዳክዬ ይደልባል። ከነሱ ጀርባ ያሉት የሰዎቹ ቤቶችም ቆርቆሮ ናቸው፤ ከሩቅ ለሚያይ የሚለዩት በማጠራቸው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ዓይን እስከሚያይ ድረስ የመኖ እርሻ ነው። እህሉ ተጭኖ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል፤ ዱቄት ሆኖ በሁለት ዓይነት ከረጢት ይመለሳል። በቡናማው ከረጢት የዳክዬ መኖ፣ በነጩ የሰው ምጥን ይመጣል።

እታገኝ የሰባተኛው ቤት ሠራተኛ ነበረች። ጫጩቶቹን ከመፈልፈያ ጣቢያ ስትረከብ ቢጫና ለስላሳ ናቸው፤ በአንድ እግራቸው ላይ የቤቱ ሰማያዊ ቀለበት አለ። መኖውን በልተው ብዙም ሳይቆዩ ቢጫው ይረግፋል፤ በቦታው ምንም አይበቅልም። መኖው ሥጋ እንጂ ላባ እንዳያወጣ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ዳክዬውንም ልጁንም በሚመዝነው የእድገት ጣቢያ ግድግዳ ላይ «ላባ የባከነ መኖ ነው» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ወር ገደማ ሲሆናቸው ዳክዬዎቹ ገላቸው ቀልቶ፣ ተነፋፍተው፣ ከባድ ይሆናሉ። እግራቸው ሰውነታቸውን መሸከም ሲያቅተው ይቀመጣሉ። ሲቀመጡ ደርሰዋል ማለት ነው፤ መኪና ይመጣል። ራቁታቸውን ስለሆኑ ቤቱ ቀንም ሌትም ይሞቃል። ውሃ የሚያገኙት ከቧንቧ ጠብ ጠብ ከሚለው ነው። ዳክዬ እንደሚዋኝ እታገኝ የምታውቀው ልጅ ሳለች ሰዎች ሲሉ ስለሰማች ነው።

የአዲስ ዳር ልጆች ረጃጅሞች ናቸው፤ እንግዳ ይደነቃል። የእታገኝ ልጅ ሰኚ በስምንት ዓመቷ እናቷ ትከሻ ላይ ደርሳ ነበር። ጸጉራቸው ግን አምስት ዓመት አካባቢ መሳሳት ይጀምርና ትምህርት ቤት ሲገቡ ያልቃል። ሁሉም የየክፍላቸው ቀለም የሆነ የሹራብ ኮፍያ ያጠልቃሉ። ይህን እንደ ችግር የሚያነሳ አልነበረም፤ የወተት ጥርስ መርገፍን ማን ያነሳዋል? ጸጉር ያላቸው ምጥን ከመምጣቱ በፊት ያደጉት ትልልቆቹ ናቸው። እታገኝ ሻሿን ስትፈታ የሰፈሩ ልጆች ሊነኩላት ይሰበሰቡ ነበር።

«እትዬ፣ ሲጎትቱት አያምም?» ይሏታል።

«ያማል እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አያስቆርጡትም?»

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲገባ የጎረቤታቸው የእትዬ ዘውድነሽ ልጅ ሜቲ ሞተች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነበር፤ በቤታቸው በር የምትገባው ጎንበስ ብላ ነው። መቆም ካቃታት ወዲህ ደጃፍ ላይ አግዳሚ ወንበር ተደርጎላት እዚያ ትውላለች፤ ላላፊ አግዳሚው ሰላምታ ትሰጣለች። አንድ ረፋድ እዚያው እንደተቀመጠች ልቧ ቆመ። ጣቢያው ልቧ ከቁመቷ እኩል እንዳላደገ ለቤተሰቡ አስረዳ። በቁመቷ ልክ ሳጥን ስላልተገኘ አናጢው ሁለት ሳጥን ቀጥሎ ሠራላት።

ከቀብር ሲመለሱ ሰኚ መንገድ ላይ ቆመች።

«እማ፣ እግሬን ያመኛል።»

«የቱ ጋ?»

«ሁሉም ጋ። ውስጡን።»

እታገኝ ተንበርክካ የልጇን ጉልበት ዳሰሰች። እንዲህ ዓይነት ጉልበት በየወሩ ትዳስሳለች። መኪና ከመምጣቱ በፊት የትኞቹ ዳክዬዎች እንደሚቀመጡ የምትለየው በዚያ ነው። ተነሳችና የልጇን እጅ ይዛ ቤቷ ገባች።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ዝናቡ የሰባተኛውን ቤት የፍሳሽ ቦይ ደፈነው። እታገኝ አካፋ ይዛ ቦዩን ተከትላ እስከ ሐይቁ ዳር ወረደች። እዚያ ሐይቁ ጉልበት የማይደርስ ውሃ ነው፤ ዙሪያውን ፊላና ደንገል በቅሎበታል፤ ማንም አይሄድበትም። አካፋዋን ጭቃው ላይ ስትሰካ ከፊላው ውስጥ አራት ወፎች ወጡ።

መጀመሪያ ምን እንደሆኑ አላወቀችም። ከላይ እስከ ታች ነጭ ላባ ለብሰዋል። ትንንሾች ናቸው፤ ግን ቀጥ ብለው ይራመዳሉ፤ ሲያዩአት ሮጡ። ውሃው ላይ ሲደርሱ አልሰመጡም፤ ተንሳፈፉ። አንደኛው አንገቱን ውሃ ውስጥ ከትቶ ቀንድ አውጣ ይዞ ወጣና ዋጠ። ወደ ዳር ተመልሶ ክንፉን ሲያራግፍ እታገኝ እግሩ ላይ ሰማያዊ ቀለበት አየች። የራሷ ቤት ቀለበት ነበር። ወለሉ ሥር ያለው ሽቦ አንዱ ጥግ ዝጎ ተበልቷል፤ ጫጩቶቹ በዚያ ሾልከው በቦዩ ወርደው መሆን አለበት።

ባሏ ገመዳ የውሃ ፓምፑ ሠራተኛ ነው። የፓምፑ ቤት ከዚያ ሩቅ ስላልሆነ ሄዳ ይዛው መጣች። ገመዳ ከሥራ ልብሱ ላይ ግራሶውን እየጠረገ ብዙ ጊዜ ቆሞ አያቸው።

«ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ ያነሱት?»

«አንሰው አይደለም፤ ቆመው ነው እንጂ» አለች እታገኝ። «እግራቸውን እየው። ከነሱ ጋር የመጡት ዳክዬዎች ተቀምጠው ከተወሰዱ ስንት ጊዜያቸው!»

«ለጣቢያው መናገር አለብን። ከቤት የወጣ ዳክዬ በሽታ ያመጣል ተብሏል።»

«አለብን።»

ሁለቱም አልተናገሩም። እታገኝ ቦዩን ጠርጋ ተመለሰች። ሽቦውንም በዚያው ቀን በሌላ ሽቦ ሰፋችው።

ያየችውን ለማመን ግን ራሷ መሞከር ነበረባት። ከቤቱ ገና መቀመጥ የጀመሩ ሁለት ዳክዬዎች መርጣ በቅርጫት ሸፍና ወደ ፊላው ወሰደቻቸው። አንዷ በብርዱ በማግስቱ ሞተች። ለሁለተኛዋ የሰኚን የሕፃንነት ሹራብ ክንፍ ማውጫ ቀዳ አለበሰቻት። በየቀኑ ቀንድ አውጣ ሰብራ፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ቅጠል ሰብስባ በእጇ አበላቻት። ዳክዬዋ ለብዙ ቀናት ከስታ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ከዚያ አንድ ቀን እታገኝ ሹራቡን ስትገልጥ የዳክዬዋ ጀርባ እጇን ወጋት። እሾህ የመሰለ የላባ ቡቃያ ቆዳዋን እየቀደደ ወጥቶ ነበር። መስከረም ከመጥባቱ በፊት ተነስታ ከአራቱ ጋር ውሃ ገባች።

በዚያ ቀን እራት ላይ እታገኝ ነጩን ከረጢት ጠቅልላ ወደ ጥግ ገፋችው።

«ሰኚን ከምጥን ላወጣት ነው» አለች።

«ምን ልታበያት?» አለ ገመዳ።

«እነሱ የሚበሉትን።»

«ልጄ ዳክዬ አይደለችም።»

«እኔና አንተ እናውቃለን። የሚያበሏት ሰዎች ልዩነቱን የሚያውቁት ይመስልሃል?»

ሰኚ ጥግ ላይ ተቀምጣ ረጃጅም እግሮቿን እያሻሸች ነበር። ገመዳ እሷን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሺ። ግን አንድ ነገር እወቂ። ሐይቁን የምስበው እኔ ነኝ፤ የቀረውን አውቀዋለሁ። አምስት ዳክዬ ያበላል። ሰው ማብላት ካቃተው ቆይቷል።»

«አንድ ልጅ ናት እኮ ገመዳ!»

«እሱን ነው የምልሽ። አንድ ልጅም ሰው ናት።»

እታገኝ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ወደ ፊላው ወርዳ ቀንድ አውጣ ትለቅማለች፤ በጨው ቀቅላ ከቅርፊቱ ታወጣለች። የፊላ ሥር ቆፍራ፣ ልጣ፣ ቀጥቅጣ ገንፎ ታደርጋለች። ገመዳ አልፎ አልፎ ጭቃ ውስጥ የቀረ አምባዛ ይዞ ይመጣል። ጥቅምት ላይ ከዳክዬዎቹ አንዷ እንቁላል መጣል ስትጀምር እንቁላሉም ለሰኚ ሆነ። የሰኚን ድርሻ ምጥን እታገኝ በሰባተኛው ቤት ገንዳ ውስጥ እየደፋች ከመኖው ጋር ታደባልቀዋለች። ዳክዬዎቹ ለይተው አይተዉትም ነበር።

«ይሸታል» አለች ሰኚ የመጀመሪያ ቀን።

«ብዪ፣ የኔ እናት። የእግርሽ ሕመም እንዲተውሽ ነው።»

«ሜቲ ይህን ብትበላ ኖሮ አትሞትም ነበር?»

«እንጃ ልጄ።»

ሰኚ አፍንጫዋን ይዛ በላች።

የእግሯ ሕመም በእርግጥ ተዋት። ማታ ማታ መነጫነጯ ቀረ፤ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መምጣት ጀመረች። በአዲስ ዳር የሚሮጥ ልጅ ስለማይታይ ሰዎች ምን ሆና ነው እያሉ ደጅ ይወጡ ነበር። ኅዳር ሲገባ ደግሞ እታገኝ ልጇን ስታጥብ ማጅራቷ ላይ አንድ ነገር እጇ ላይ ተሰማት። አቧራ መስሏት በውሃ አሸችው፤ አልለቀቀም። ወደ ብርሃን አውጥታ አየችው። ከጣት ጥፍር የማይረዝም፣ እንደ ሕፃን ጸጉር የሳሳ ጥቁር ነገር ነበር። እታገኝ ሳሙናውን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰኚ እጇን ወደ ኋላ ልካ ዳሰሰችው።

«ያሳክካል» አለች። ከዚያ ሳቀች። «እማ፣ እንዳንቺ ልሆን ነው?»

ሰኚ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ኮፍያዋን አውልቃ አሳየች። ልጆቹ መቀለጃ አደረጓት። ጸጉር የሚያውቁት በሽማግሌና በባልቴት ላይ ስለሆነ «አሮጊቷ» የሚል ስም አወጡላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮፍያዋን ስትተኛም አታወልቅም ነበር።

ሚዛኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ልጆቹን የምትመዝነው ሲስተር ረድኤት በዕድሜ ጠና ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ሰኚን ደጋግማ ሚዛኑ ላይ አቆመቻት። ቁመቷን ለካች፤ ክንዷን በሁለት ጣቷ ያዘች። ከዚያ ሰኚን ውጪ እንድትጫወት ልካ በሩን ዘጋች።

«ልጅቷ ቆማለች» አለች። «ማደግ ብቻ አይደለም ያቆመችው፤ እየቀነሰች ነው። ምንድን ነው የምታበያት?»

እታገኝ ልትዋሽ አስባ ነበር። የሴትየዋ ፊት የደከመ ስለነበር አልዋሸችም። ስለ ዳክዬዎቹ፣ ስለ ላባው፣ ስለ ሰኚ እግር፣ ማጅራቷ ላይ ስለበቀለው ጸጉር ነገረቻት። ሲስተር ረድኤት ሳታቋርጣት ሰማች።

«ለሌላ ሰው ተናግረሻል?»

«አልተናገርኩም።»

«እንዳትናገሪ። የዳክዬዎቹን ነገር እኔም አልሰማሁም።» ሲስተር ረድኤት ጓንቷን አወለቀች። «ይኸውልሽ እታገኝ፣ እኔ ሥራ የጀመርኩት ምጥን ከመምጣቱ በፊት ነው። ሐይቁ የሸሸ ጊዜ፣ ዝናቡ የቀረ ጊዜ፣ ሙያዬ ልጅ መቅበር ነበር ማለት ይቻላል። በእጄ ያለፉትን አልረሳቸውም። ሁሉም ጸጉር ነበራቸው። እንዴት ያለ ጸጉር መሰለሽ! አንዳንዷን እናቷ ሹሩባ ሠርታላት ነው የቀበርናት።»

«ሜቲስ፣ ሲስተር? እሷስ በምን ሞተች?»

ሲስተር ረድኤት ጓንቷን አጣጥፋ አስቀመጠች።

«ሜቲ አሥራ አራት ዓመት ኖራለች» አለች። «የቀበርኳቸው አራት አልሞላቸውም ነበር። ሌላ የምልሽ ነገር ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

«በሁለቱ መካከል የሆነ ነገር የለም?»

«መካከሉን የሚያበቅል መሬት የት አለ?» ሲስተር ረድኤት በመስኮቱ ወደ እርሻው አመለከተች። «እስከ ጥር እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በኋላም ከቀነሰች ከተማ ወዳለው የጣቢያው የልጆች ማደሪያ ትገባለች። እዚያ በቱቦ ነው የሚያበሏቸው። አንቺም አታያትም። እኔ ባልጽፍ ሌላ ሰው ይጽፈዋል።»

በበጋው ጣቢያው ተጨማሪ ቤቶች ስለሠራ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ ታዘዘ። ገመዳ አንድ ጊዜ ሞተሩ ተበላሽቷል ብሎ አቆመው። ከከተማ ጠጋኝ መጥቶ ምንም እንዳልሆነ ሲያይ ገመዳን ቀና ብሎ አየውና ሞተሩን አስነሳው። ገመዳ ከዚያ በኋላ ደግሞ አላቆመውም። ሥራውን ቢያጣ ቤቱንም ምጥኑንም ያጣሉ። ማታ ሲገባ እታገኝን ቀና ብሎ አያያትም ነበር።

ውሃው ከፊላው ሥር ወጣ። ቀንድ አውጣዎቹ ጭቃው ውስጥ ጠልቀው ደረቁ፤ የተገኙት ባዶ ቅርፊት ሆኑ። የፊላው ሥር እንጨት እንጨት ማለት ጀመረ። ዳክዬዎቹ እንቁላል መጣል አቆሙ። አንደኛው ላባው እንዳማረበት ሞቶ ተገኘ፤ እታገኝ ስታነሳው ከላባ በቀር ምንም ክብደት አልነበረውም። እሷና ገመዳ ከራሳቸው ምጥን እንዳያካፍሏት ያው ምጥን ነው። አንዳንዴ እታገኝ እህል ፍለጋ እርሻው ዳር ድረስ ትሄዳለች፤ ጠባቂዎቹ ከሩቅ አይተው ፊሽካ ይነፉባታል።

ሰኚ መሮጥ ተወች። ፊቷ ጠቆረ፤ አፏ ዳር ቆሰለ። ሲያወሯት ትንሽ ቆይታ ነው የምትመልሰው። ጸጉሯ ግን ይበቅል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እታገኝ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ልጇን ቤት አጣቻት። በጎረቤት ጠየቀች፤ እትዬ ዘውድነሽ ወደ ዳክዬዎቹ ስትሄድ እንዳየቻት ነገረቻት። የሰባተኛው ቤት በር ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጡ እንደ ሁልጊዜው ሞቃትና ቀይ ብርሃን ያለበት ነው። ዳክዬዎቹ ቦታቸው ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ወደ ገንዳው ዘርግተው ይበላሉ። ከመካከላቸው ሰኚ ተቀምጣለች። ኮፍያዋን አውልቃለች። ከገንዳው በእጇ እየዘገነች ወደ አፏ ትከታለች፤ ዱቄቱ ጉንጯና አንገቷ ላይ ተለጥፏል። እናቷን ስታይ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። አፏ ግን ሙሉ ስለነበር ማኘኩን አላቆመችም።

እታገኝ ዳክዬዎቹን እየተሻገረች ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። አልጮኸችባትም።

«መቼ ጀመርሽ?»

ሰኚ ዋጠች። «ቆየሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ታለቅሻለሽ ብዬ።» ሰኚ አንገቷን ደፋች። «እማ፣ ይጣፍጣል እኮ። እንደ ምጥን ነው። ልዩነት የለውም። ቅመሺው።»

እታገኝ ጣቷን ዱቄቱ ውስጥ ነክራ ቀመሰች። ልጇ እውነቷን ነበር።

«ሌሎቹ ልጆች ይጠግባሉ» አለች ሰኚ። «እኔ ብቻ ነኝ የምራበው። እግሬን ይመመኝ፤ ግድ የለም። እንደነሱ ልሁን።»

እታገኝ ልጇን አቀፈቻት። አጥንቷ ሁሉ ይቆጠራል። ከጎናቸው ያለችው ዳክዬ መንቆሯን በእታገኝ ቀሚስ ላይ ጠርጋ ወደ ገንዳው ተመለሰች።

በማግስቱ ገመዳ ቢላዋ ይዞ ወደ ደረቀው ፊላ ወረደ። የቀሩት አራት ዳክዬዎች ሰው ስለለመዱ አልሸሹም፤ የሚበላ ያመጣ መስሏቸው ተከተሉት። አርዶ በጆንያ ይዟቸው ሲመጣ እታገኝ ውሃ አፍልታ ጠበቀችው። ላባ መንጨት የሚያውቅ በመንደሩ ስላልነበረ በእጇ እየሞከረች ተማረችው። ቤቱ ውስጥ ላባ በረረ፤ ሰኚ እየሳቀች ከአየር ላይ ትይዘው ነበር። ሥጋው ትንሽና ጠንካራ ነው፤ ሲቀቀል ግን ቤቱን የሞላው ሽታ እታገኝ ከልጅነቷ ወዲህ የማታውቀው ነበር። እትዬ ዘውድነሽን ጠሩ። አራቱም ሰዎች አንድ ላይ ቀርበው በሉ። እትዬ ዘውድነሽ አጥንቱን ሳይቀር ስትምግ ቆይታ ድንገት «ለሜቲ አስቀምጡላት» አለች። ከዚያ ምን እንዳለች ገባትና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ሥጋው ሲያልቅ እታገኝ ነጩን ከረጢት ከጥግ ስባ ፈታችው። ምጥኑን ራሷ በጠበጠች፤ ራሷ አማሰለች፤ ቀዝቀዝ ሲል በማንኪያ ለልጇ አጎረሰች። ሰኚ እስክትጠግብ በላችና እናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

በጥር ሲስተር ረድኤት ሚዛኑን አይታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ጨምራለች» አለች። እታገኝን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም፤ እታገኝም እንድታያት አልጠበቀችም። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስተው አያውቁም። የሰኚ ጸጉር ከየካቲት ወዲያ ትራስ ላይ ቀረ። ክረምት ሳይገባ ቁመቷ ከእናቷ አለፈ።

በሚቀጥለው መስከረም ትምህርት ሲከፈት ገና ይዘንብ ነበር። መንገዱ ጭቃ ነው። ሰኚ ከቤታቸው ደጃፍ ጥቂት ተራምዳ ቆመችና ግድግዳውን ያዘች። ወደ ፊት ሄደው የነበሩት እናትና አባቷ ዞሩ። ምን እንደሆነ አልጠየቋትም። ገመዳ ተመልሶ ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ነይ፣ ጀርባዬ ላይ ውጪ።»

«ትልቅ ነኝ እኮ አባ። ይስቁብኛል።»

«ማን ይስቃል? እዪው፣ ሁሉም እየታዘለ ነው።»

እውነቱን ነበር። ከፊታቸው በዝናቡ ውስጥ አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች ጎንበስ ብለው ረጃጅም ልጆች አዝለው ይሄዱ ነበር። ሰኚ በአባቷ አንገት ላይ እጇን ጠመጠመች። ገመዳ ተነሳ፤ ትንሽ ተንገዳገደና ቆመ።

«እከብዳለሁ?»

«አትከብጂም።»

ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይል ነበር። ሲራመድ የሰኚ እግሮች ስለረዘሙ ጫማዎቿ ከኋላ መሬት ለመሬት እየተጎተቱ ጭቃው ላይ ሁለት መስመር አበጁ። እታገኝ ፈጠን ብላ ደረሰችባቸው። ከኋላ ሆና ሁለቱን እግሮች በሁለት እጇ አነሳቻቸውና ከጭቃው ከፍ አድርጋ ያዘቻቸው። ሦስቱም እንደዚያ ሆነው ደወሉ ሳይደወል ለመድረስ ቀስ ብለው ሄዱ።